ዊልቸሩን የደበቅንላት እንግዳ

ሰው ሲታመም መድኃኒት ይወደዳል፣ ምክር ይረክሳል። እኔ በታመምኩባቸው ዓመታት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ሐኪም፣ ጠበቃና የዌልፌር ባለሙያ ሆኖ ነበር። ከምክራቸው ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ልጄን ለማጣት መቃረቤ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው እያመመው ልጅ ለሚያሳድግ፣ የቱን እርዳታ ልጠይቅ የቱን ልተው እያለ ለሚጨነቅ ሰው ነው። ለመካሪዎቹ አልጽፍም፤ እነሱ መናገር እንጂ ማንበብ አይወዱም።

በየነ እባላለሁ። አገር ቤት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ አሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ ጎትቻለሁ። ከዚያ ስደት መጣና ሱዳን ገባን። ሚስቴ ካርቱም ውስጥ ልጃችንን ስትወልድ አረፈች። ምጡ በርትቶ ስለነበር ልጅቱም አየር አጥሯት ነው የተወለደችው። ስሟ ፍሬሕይወት ነው፤ ፍሬ እላታለሁ። አእምሮዋ ስለት ነው፣ እግሮቿ ግን አይታዘዙላትም። ሪችፊልድ ስንገባ ገና ሕፃን ነበረች። ያለ ዊልቸር አትንቀሳቀስም፤ ከወንበሩ ወደ አልጋ፣ ወደ ገንዳ፣ ወደ ሽንት ቤት የማዛውራት እኔ ነኝ፣ አቅፌ። ተሳቢ የጎተተ ሰው አንዲት ልጅ ከበደችኝ አይልም። እኔም አላልኩም።

ሕመሙ የጀመረኝ ፍሬ ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከፊቴ ያለው መኪና የኋላ መብራት አራት ሆነብኝ። አንዱን ዐይኔን ስጨፍን ሁለት ሆነ። ደክሞኝ ነው ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ የግራ ዐይኔ ሽፋን መውረድ ጀመረ። ጠዋት ስነሣ ምንም የለብኝም፤ ሲመሽ ሽፋኑ ይወርዳል፣ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሣ ይላል፣ ሥጋ ሳኝክ መንጋጋዬ መሀል ላይ ይቆማል። ድምፄም በአፍንጫዬ ይወጣ ጀመር።

ክሊኒክ ሄድኩ። ክሊኒክ የሚቀጥሩህ ጠዋት ነው፣ ጠዋት ደግሞ እኔ ኮርማ ነኝ። የመጀመሪያው ሐኪም በቂ እንቅልፍ አግኝ አለኝ። ሁለተኛው መነጽር አዘዘልኝ። ሦስተኛዋ ስደተኛ መሆኔን ስትሰማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስለ ሐዘኔ ጠየቀችኝና የሐዘን ክኒን ሰጠችኝ፤ ክኒኑ አፌን አደረቀው እንጂ ዐይኔን አላነሣውም። አራተኛው ትጠጣለህ ወይ አለኝ። አልጠጣም ስለው ነርሷን አይቶ ፈገግ አለ። መጠበቂያ ክፍሎቻቸውም አንድ ናቸው፦ የዓሣ ገንዳ፣ ሐይቅ ላይ ስለ ማጥመድ የሚያወራ ያረጀ መጽሔት፣ እና ‹‹ሃው አር ዩ ቱዴይ›› ብላ መልሱን ሳትሰማ ፊቷን የምታዞር ልጅ። እዚያ ተቀምጬ ዓሦቹን ሳይ፣ እነሱስ የሚያያቸው አላጡም እል ነበር።

የወገኖቼ ምርመራ ደግሞ ክሊኒክ አያስፈልገውም፤ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጨርሱት። አንዷ የሰው ዐይን ነው አለች። ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጥ አለኝ። አንዱ ደግሞ ሚስት ብታገባ ይለቅህ ነበር አለ፣ የሚድራት እህት እንዳለችው ያወቅኩት ኋላ ነው። ሲጠይቁኝ ያመሻሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፣ ከእኔ የባሰ ታሞ ስለሞተ ሰው ያወራሉ፣ ከዚያ ‹‹እግዜር ይማርህ›› ብለው ኮታቸውን ይደርባሉ። ሳህኑን የሚያጥብ አንድም አልነበረም። እጄ ሳህን መያዝ ሲያቅተው በማግስቱ ጠዋት አጥበው ነበር።

ሁለት መንገድ እያየሁ የሰው ነፍስ አልጭንም ብዬ ሥራዬን ራሴ አቆምኩ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ መጣ። ማታ ማታ ምራቄን መዋጥ ይቸግረኝ ነበር። ትን ብሎኝ ብሞት ፍሬ ከአልጋዋ ወርዳ ስልክ መድረስ አትችልም። ይህን እያሰብኩ ተቀምጬ እተኛ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አንድ ደግ ሰው አልጠፋም፤ ምስጋናዋን ቀድሜ ልክፈል። ከበታቻችን ያለው ቤት የምትኖር አደይ ለተብርሃን የምትባል አሮጊት ነበረች፣ አማርኛ ትምህርት ቤት የተማረች አስመራዊት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ። ማኘክ እንዳቃተኝ ስትሰማ ምንም አልመከረችኝም። ወደ ሥራዋ ስትወጣ በር ታንኳኳለች፣ አጥሚት በፔርሙስ ታቀብለኛለች፣ ‹‹በል ወደይ፣ ሳይበርድ›› ትልና፣ በትግርኛዋ ልጄ ማለቷ ነው፣ ትሄዳለች። ገብታ አትቀመጥም።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጣት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ይህ ልጅ አልጠየቀኝም፣ አሠራኝ። ጣሪያውን እይ፣ ዐይንህን አታውርድ አለኝ። አየሁ። ጥቂት ሳይቆይ ሁለቱም ሽፋኖቼ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ከዚያ ክንዴ ላይ መርፌ ወጋኝና ዐይኔ ቦግ ብሎ ተከፈተ። መርፌው በሽታውን ለመለየት ብቻ ነው፣ ወዲያው ያልፋል። የበሽታህ ስም ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው አለኝ። ነርቭ ጡንቻን ተነሥ ብሎ ሲያዘው ትእዛዙ መገናኛው ላይ ይጠፋል፤ መገናኛውን የሚያበላሸው ደግሞ የገዛ ሰውነት ነው። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ዝገት አለ ማለት ነው ብዬ ተረዳሁት። ጡንቻ ሲያርፍ ይመለሳል፣ ሲሠራ ይዝላል። ጠዋት ኮርማ፣ ማታ ጨርቅ የምሆነው ለዚህ ኖሯል። በየጥቂት ሰዓቱ የሚዋጥ ክኒን ሰጠኝ፤ ወደፊት ደግሞ ደረት ተከፍቶ ከአጥንቱ ጀርባ ያለች እጢ ትወጣለች አለኝ። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳታነሣ አለ። እኔ የማነሣው ከባድ ነገር ቤት ውስጥ እንዳለ አልነገርኩትም።

የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር የሚጠየቀውን ነገረችኝ። ከደመወዜ ለሶሻል ሴኩሪቲ ሲቆረጥብኝ ስለኖረ ለራሴ ዲስአቢሊቲ የሚሉትን፣ ታምሞ መሥራት ላቃተው የሚከፈል ገንዘብ መጠየቅ እችላለሁ። ፍሬ በራሷ ኤስኤስአይ የሚሉት የአካል ጉዳተኛ ወርሃዊ ድጎማ ይገባታል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ፣ የመንግሥት ሕክምናው የሚከፍለው የቤት ረዳት አለ፤ ማታ ማታ መጥቶ ፍሬን የሚያነሣ፣ የሚያጥብ፣ የሚያስተኛ ሰው። ወላጅ የገዛ ልጁን ረድቶ አይከፈለውም፤ ሰው ከውጭ መምጣት አለበት። ሴትዮዋ ሁሉንም ጠይቅ አለችኝ። እኔ ግን ፈረንጅ ትሆናለች ምን ታውቃለች ብዬ ወደ አቶ ዘሪሁን ሄድኩ።

አቶ ዘሪሁን የማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበር። ዉድበሪ ቤት ገዝቷል፣ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ በሐምሌም ክራባት ያስራል። ያን ጊዜ ዋሽንግተን የዌልፌርን፣ የመንግሥት ድጎማውን፣ ሕግ እየቀየረች፣ ዜግነት የሌለው ሁሉ ሊቆረጥበት ነው እየተባለ ሕዝቡ ይተራመስ ስለነበር፣ ገበያው ደርቶለታል። ታሪኬን ሳልጨርስ እጁን አነሣ።

‹‹በየነ፣ ስማኝ›› አለኝ። ‹‹ለልጅቱ ብቻ ጠይቅ። ስለ ራስህ ጤና ትንፍሽ እንዳትል። አልችልም ብለህ የፈረምክ ቀን ልጅህን ወስደው ለፈረንጅ ይሰጧታል።››

አፕል ቫሊ የሚኖር እንዲህ የደረሰበት አንድ ሰውዬ አለ ብሎ ታሪኩን ከነዝርዝሩ ተረከልኝ። ያን ሰውዬ ኋላ ስፈልገው ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም፤ እስከ ዛሬም አልተወለደም ብዬ አስባለሁ። በዚያን ሰዓት ግን ወገቤ ተቆረጠ። የማጣው ነገር ፍሬ ብቻ ናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚሉት፣ የዘሪሁንን ምክር አገባሁ። የልጅቱን ጠየቅኩ፣ የራሴን ተውኩ። ወረቀቱ ላይ ጤነኛ አባት ሆንኩ።

የረዳቱን ሰዓት የምትወስነው የካውንቲ ነርስ ናት፣ ቤት መጥታ አይታ። ጁዲ የምትባል ሴት ጠዋት እንደምትመጣ ተነገረኝ። ዘሪሁን ይህን ሲሰማ፣ የመንግሥት እንግዳ መጥታ ባዶ ቤት ልታገኝ ነው ወይ ብሎ ሰው ጠራ። ጎሕ ሲቀድ ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው ደረሱ። ወለሉ ተወለወለ፣ መጋረጃው ተቀየረ። አንዷ ዊልቸሩን አየችና ይህን እዚህ አቁማችሁ ሰው ልትቀበሉ ነው አለች፤ ገመና አይደለም ወይ አለች። ወንበሩን አጣጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ፍሬ የምትታጠብበትን የመታጠቢያ ቤት መቀመጫ ዘሪሁን መኪናው ኋላ ጫነው። ፍሬን የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው ሶፋው ላይ አስቀመጧትና እግሮቿን በነጠላ ሸፈኑላት። የትም ቤት እንግዳ ሲመጣ የታመመ ይታጠባል፣ የተሰበረ ይደበቃል። ይህችን እንግዳ ግን የጠራናት የተሰበረውን እንድታይ ነበር። ከዚያ ሁሉ አዋቂ መሀል ይህ የታየው አንድም ሰው አልነበረም። የታየው ፍሬን ብቻ ነው፤ ‹‹ማይ ቼር››፣ ወንበሬ ስትል አንዷ ዝም በይ የኔ ቆንጆ ብላ ዳቦ አጎረሰቻት።

ጁዲ መጣች። በላች፣ የቀረበላትን ሁሉ አደነቀች። ልጅቷን ማን ያነሣታል ብላ ስትጠይቅ፣ እንግሊዝኛ የማይገባኝ ይመስል ዘሪሁን ቀደመኝ። ሁላችንም አለ፤ እኛ ባህላችን ነው፣ አንድ ቤተሰብ ነን፣ ቀንም ማታም አንለያትም አለ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠዋት ስለነበር እኔም ዐይኔ ፍጥጥ፣ ትከሻዬ ቀጥ ብሎ ቆሜያለሁ። ጁዲ ጻፈች፣ ተመርቃ ወጣች። እነሱም ድስታቸውን ሰብስበው፣ እንዴት እንዳማረልን እየተሳሳቁ ተበተኑ።

ያን ቀን ማታ ወንበሩን ከቁም ሣጥኑ ላወጣ ሄድኩ። መንኰራኩሩ በር ላይ ተይዞ ነበር። ሳብኩት፣ ክንዴ እንቢ አለ። አረፍኩና እንደገና ሳብኩት። ፍሬ ቀሚሷን እንደለበሰች ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። አደይ ለተብርሃን አጥሚቱን ይዛ እስክትመጣ እንደዚያው ቆየን። ወንበሩን ያወጣችው እሷ ናት፣ ፍሬንም ያስተኛቻት እሷ ናት፣ ለሥራዋም ዘገየች።

መልሱ በፖስታ መጣ። በቤቱ በቂ የቤተሰብ እርዳታ ስላለ ረዳት አያስፈልግም ይላል። ደወልኩና እነዚያ ሰዎች ቤተሰብ አይደሉም፣ ድጋሚም አልመጡም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ጁዲ በደስታ፣ እንዲህ ያለ ወገን ስላለህ ዕድለኛ ነህ አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዘሪሁንን ስጠይቀው ኤስኤስአዩን እኮ አገኘህ፣ አትስገብገብ አለኝ።

በዚያ ክረምት ፍሬ ደጋግማ ታመመች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አሉን፤ መድኃኒት ተሰጣት፣ ተሻላት፣ ተመልሶ መጣባት። ሐኪሟ ውሃ አጠጣት ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ቤት ገብቼ እሷን ተቆጣሁ። ብርጭቆ ባቀረብኩላት ቁጥር ‹‹ኖ ታንክስ፣ ዳድ፣ አይም ኖት ተርስቲ›› ትላለች፤ አልጠማኝም ማለቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ሶዳ እያጠጣት ነው ብዬ አስተማሪዋ ዘንድ ደውዬ ጮኽኩ። የታመመ ሰው የሚጮኽበት አያጣም።

ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከገንዳው ሳወጣት ክንዶቼ ከዱኝ። ከእጄ ተንሸራትታ አገጯ ጠርዙን መታው። ደም አልወጣም፣ ግን ያብጣል። ነገ አስተማሪዋ ታያለች። ዘሪሁን ያስፈራራኝ ነገር እየመጣ ነው፣ የሚያመጣውም የዘሪሁን ምክር ራሱ ነው። ልጄን የሚያስወስደኝ አልችልም ማለቴ ሳይሆን እችላለሁ ማለቴ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሰማሁት እንጂ አልሠራሁበትም።

ጠዋት ድምፄ ሳይደክም ደወልኩ። ለጁዲ ስለ ራሴ በሽታ ነገርኳት፣ የፍሬንም አገጭ ነገርኳት፣ ሐኪሜን አነጋግሪው አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ ስትመጪ ማታ ነይ። የራሴንም ዲስአቢሊቲ የዚያኑ ሳምንት ጠየቅኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ወሬ ግን ከእኔ ይቀድማል፤ በቀጠሮው ቀን ሲመሽ ዘሪሁን ከነክራባቱ በሩን አንኳኳ። ሰንሰለቱን ሳልፈታ ከፈትኩለት። ላስተረጉምልህ ነው የመጣሁት፣ ብቻህን ታበላሸዋለህ አለኝ። ምላሴ ከብዶኝ ስለነበር ብዙ አልተናገርኩም። ‹‹መቀመጫውን መልስ›› አልኩት። የመታጠቢያ ቤቱን መቀመጫ ማለቴ ነው፤ እስከዚያ ቀን መኪናው ውስጥ ነበር። አምጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠውና ሄደ።

ጁዲ ስትገባ ቤቱ አልተወለወለም። ዊልቸሩ መሀል ቤት ቆሟል፣ ፍሬ ተቀምጣበታለች፣ እኔ ወደ ታች የወደቀውን ዐይኔን በጣቴ ደግፌ ነው ያየኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምግብም አላቀረብኩላትም። ልጅቷን ስታነሣት አሳየኝ አለችኝ። ተነሥቼ ብብቷ ሥር ያዝኳት። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ አለች፣ ከዚያ መለስኳት። እንደገና ልሞክር ስል ጁዲ በቃ አለች።

‹‹ማንሣት ትችላለህ?›› አለችኝ።

‹‹አልችልም›› አልኩ። ‹‹ልጄን ትወስዱብኛላችሁ?››

‹‹የመጣሁት ሰዓት ለመቁጠር ነው፣ ልጅ ለመውሰድ አይደለም›› አለች። መልሱ እንደ ቢሮ መልስ ነበር፣ ግን ደገፍ አደረገኝ። ከዚያ ወደ ፍሬ ዞረች። የሐኪሟን ወረቀት አይታ ኖሮ ስለ ኢንፌክሽኑ ጠየቀቻት። በትምህርት ቤት ምን ትጠጫለሽ አለቻት።

ፍሬ ስትናገር ቀስ ትላለች፣ ቃሏ ግን ጥርት ያለ ነው። በእንግሊዝኛ መለሰችላት፤ እኔ እንደሰማሁት ላስቀምጠው።

‹‹ከምሳ በኋላ አልጠጣም። ማታ የአባቴ እጅ አይሠራም። ከጠጣሁ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ።››

ጁዲ ብዕሯን አቆመች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስንት ክሊኒክ፣ ስንት መካሪ፣ ስንት አዋቂ ቤቴን ሲያጣብብ፣ የእኔን በሽታ ከሁሉም ቀድማ የተረዳችው ልጄ ኖራለች፤ ያገኘችለትም መድኃኒት መጠማት ነበር። ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ፍሬ ቀስ ያለ እጇን ዘርግታ እጅጌዬን ያዘች። ኢትስ ኦኬይ ዳድ አለችኝ። ኦኬይ አልነበረም።

ረዳቱ ተፈቀደ። የእኔም ዲስአቢሊቲ አንዴ ተከልክሎ፣ ይግባኝ ተብሎ መጣ። ልጄን ሊወስድ የመጣ ማንም የለም። ደረቴ ተከፍቶ እጢዋ ወጣች፤ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ አደይ ለተብርሃን የሌሊት ሥራዋን ለቅቃ ቤቴ አደረች፣ ስመለስም አጥሚቷ ቀጠለ። ወዲያው አልዳንኩም። ከዓመት በላይ ነው ቀስ በቀስ ክንዴ የተመለሰው፤ ዛሬም ክኒን እውጣለሁ፣ ሲደክመኝ ዐይኔ ይወርዳል። ዘሪሁን አሁንም ሰው ይመክራል ይባላል። እኔን ምስክር አድርጎ፣ የበየነን ጉዳይ ያስጨረስኩት እኔ ነኝ እንደሚል ሰምቻለሁ። ይበል።

ለአንተ ግን፣ አሞህም ልጅ ለምታሳድገው፣ የምለው አጭር ነው። የሚገባህን ሁሉ ጠይቅ፣ የአንተንም የልጅህንም። ሊያይ የመጣ ሰው በሽታህ ባለበት ሰዓት ይምጣ፣ ቤትህን ባለበት ሁኔታ ይየው። ገመናህን ከጎረቤት ደብቅ፤ ከሐኪምና ከነርስ አትደብቅ። አፕል ቫሊ ስላለው ሰውዬ የሚነግርህ ካለ ስሙን ጠይቀው።

ረዳቷ ጫልቱ የምትባል ጠንካራ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያዋ ማታ ኮቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ምን ልርዳሽ አለቻት ፍሬን። ፍሬ ቀና ብላ የጫልቱን ክንዶች አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ውሃ አለች፣ በአማርኛ። ቀዳሁላት፣ ጠጣች። ሁለተኛ ቀዳሁላት፣ ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀመጠችና እስትንፋሷን ሰብስባ ‹‹ዳድ፣ ሌላ›› አለችኝ። ሄጄ ቀዳሁላት።